ለኢታኖል ቅልቅል ሲባል የነዳጅ ፓምፕ መቀየር፦ የቱርቦ ቤንዚን ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ቱርቦ የተገጠመላቸው የቤንዚን ተሽከርካሪዎች ያሏቸው ባለንብረቶች ኢታኖል የተቀላቀለበትን ነዳጅ ምክንያት በማድረግ በነዳጅ ታንክ ውስጥ ያለውን ፓምፕ ከፍ ያለ አቅም ባለው ፓምፕ ለማስቀየር ወደ ጋራዥ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የኋላ መቀመጫው ይነሣል፣ የታንኩ ክዳን ይከፈታል፣ አሮጌው ፓምፕ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ሆኖም ያለ በቂ ምክንያት ወይም ያለ በቂ ጥንቃቄ ሲሠራ ፒስቶን ሊያቀልጥ፣ ተሽከርካሪውን በአቀበት ላይ ሊያቆም፣ ከዚያም ሲያልፍ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ፓምፑ መቀየር ያለበት መቼ እንደሆነ፣ መቼ እንደማያስፈልግ፣ ሲቀየርም አብረው መታየት ያለባቸው ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ ለባለንብረቶች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ፍሬ ሐሳቡ በአጭሩ የሚከተለው ነው። እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ላለው ቤንዚን ጤናማ የሆነ ፓምፕን በትልቅ መተካት አያስፈልግም። ከዚያ እጅግ ከፍ ላለ ቅልቅል ደግሞ ፓምፑን ብቻ መቀየር አይበቃም።

ጽሑፉ የሚመለከታቸው ተሽከርካሪዎች

በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚታዩት ቱርቦ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ በናፍታ የሚሠሩ ናቸው። ይህ ማብራሪያ እነርሱን አይመለከትም። ኢታኖል በናፍታ ታንክ ውስጥ ፈጽሞ መጨመር የለበትም፤ ናፍታ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልስ ቅባትነት ሲኖረው ኢታኖል ይህ ባሕርይ የለውም፣ በናፍታ ሞተር ውስጥም በአግባቡ አይቀጣጠልም። ከዚህ በታች የተጻፈው በቤንዚን ለሚሠሩና ቱርቦ ላላቸው ተሽከርካሪዎች ብቻ ነው።

ኢታኖል በአገራችን ነዳጅ ውስጥ

ኢታኖል ከስኳር ምርት ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ የሚጣራ አልኮል ነው። በኢትዮጵያ የፊንጫ፣ በኋላም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ለነዳጅ የሚሆን ኢታኖል አምርተዋል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለገበያ ቀረበ፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ እንዲል ተደረገ። እነዚህ ቅልቅሎች በዓለም አቀፍ አጠራር ኢ5 እና ኢ10 ይባላሉ፤ ከፊደሏ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በመቶ የተሰላውን የኢታኖል ድርሻ ያመለክታል። ቅልቅሉ በሁሉም ጊዜና ቦታ አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል ባለንብረቱ ለኢ10 ዝግጁ የሆነ ተሽከርካሪ ቢኖረው መልካም ነው።

በሌሎች አገሮች ከዚህ የሚበልጥ ቅልቅል በሥራ ላይ ይውላል። በብራዚል ማንኛውም ተራ ቤንዚን ከሩብ በላይ ኢታኖል የያዘ ሲሆን፣ በማንኛውም የቅልቅል መጠን የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣሉ። በአሜሪካ ኢ85 የሚባለው ነዳጅ በስሙ 85 ቢባልም በደረጃው መሠረት የኢታኖሉ ድርሻ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ይለዋወጣል። የፓምፕ ቅየራ የሚነሣው በዋነኛነት ከእንዲህ ዓይነቱ ከፍተኛ ቅልቅል ጋር በተያያዘ ነው።

ከአሜሪካ የገቡ አንዳንድ ተሽከርካሪዎች ከፋብሪካቸው ጀምሮ ለዚህ ነዳጅ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በቢጫ የነዳጅ ክዳን ወይም በክዳኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ ይለያሉ። የእነዚህ ፓምፕ፣ ቱቦና ኮምፒዩተር ለሁለቱም ነዳጅ ስለተሠራ መቀየር አያስፈልጋቸውም። አስቀድሞ የአምራቹን የአጠቃቀም መጽሐፍና የነዳጅ ክዳኑን መመልከት ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናል።

ፓምፑ በታንክ ውስጥ የተቀመጠበት ምክንያት

በካርቡራቶር ይሠሩ የነበሩ የቀድሞ ተሽከርካሪዎች ፓምፕ በሞተሩ ጎን ሆኖ ነዳጁን ከታንክ ይስብ ነበር። በኢንጀክተር የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ግን በጋራዦች ሰልባትዮ በሚባለው የነዳጅ ታንክ ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ ነዳጁን ከመሳብ ይልቅ ከታች ወደ ፊት ስለሚገፋ በመሥመሩ ውስጥ ነዳጁ ወደ ተንነት እንዳይለወጥ ያደርጋል። በዙሪያው ያለው ነዳጅ ደግሞ የፓምፑን ሞተር ያቀዘቅዛል። የነዳጅ ማነስ መብራት እየበራ ሁልጊዜ መንዳት ፓምፑን የሚያሳጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ልዩ ጥቅም አለው። በከተማዋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ነዳጅ በቀላሉ ይተናል። ቤንዚን ላይ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል ሲጨመር የመትነን ዝንባሌው በመጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ በታንክ ውስጥ የነበረውን ፓምፕ አስወጥቶ በውጭ የሚሰቀል ፓምፕ መትከል መፍትሔ አይሆንም፤ የባሰ ችግር ያመጣል።

ቱርቦ የሚጨምረው ጫና

ቱርቦ በጭስ ማውጫው ኃይል እየተሽከረከረ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲበዛ ነዳጅም በዚያው ልክ መብዛት አለበት። በብዙ ተሽከርካሪዎች የነዳጁ መደበኛ ግፊት 3 ባር ያህል ነው። ቱርቦው 1 ባር ግፊት ሲፈጥር ኢንጀክተሩ ይህን የሚቃወም አየር ከፊቱ ስላለ የነዳጁ ግፊት ወደ 4 ባር ማደግ ይኖርበታል። የማንኛውም ፓምፕ ፍሰት ግን ግፊቱ ሲጨምር ይቀንሳል። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት በዚያው ቅጽበት ፓምፑ የሚሰጠው መጠን ያንሳል ማለት ነው። የቱርቦ ተሽከርካሪ ባለንብረት ለፓምፕ አቅም የተለየ ትኩረት መስጠት ያለበትም ለዚህ ነው።

ኢታኖል ተጨማሪ ነዳጅ የሚጠይቅበት ምክንያት

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ኢታኖል የሚበቃው 9 ኪሎ ግራም አየር ነው። በሌላ አነጋገር ለተመሳሳይ አየር ብዙ ኢታኖል መጨመር ያስፈልጋል። በኃይል ረገድም አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው የአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው።

ይህ በተግባር የሚኖረው ትርጉም እንደ ቅልቅሉ ይለያያል። ኢ10 ከንጹሕ ቤንዚን ይልቅ በመጠን ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ተጨማሪ ፍሰት ይጠይቃል። ኢ85 ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጤናማ ፓምፕ ካለው የመጠባበቂያ አቅም ውስጥ የሚወድቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በብዙ ተሽከርካሪዎች ከዚያ ያልፋል።

በምሳሌ ለማስረዳት 150 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 200 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ የቱርቦ ቤንዚን ሞተር እንውሰድ። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት በሰዓት 0.335 ኪሎ ግራም ቤንዚን ይፈጃል ቢባል በሰዓት 50 ኪሎ ግራም፣ በመጠን 68 ሊትር ያህል ይሆናል። በኢ10 ይህ ወደ 71 ሊትር ያድጋል። በኢ85 በ40 በመቶ ሲጨምር ወደ 95 ሊትር ይደርሳል። ፓምፑ እያረጀ ሲሄድና የባትሪው ኃይል ሲቀንስ እንዳይጎድል 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት 114 ሊትር ይሆናል። ይህ መጠን ፓምፑ በ4 ባር ግፊት ሊሰጠው የሚገባ እንጂ በነጻ ሲፈስ የሚሰጠው አይደለም።

ኢታኖል ጥቅምም አለው። ያለ ጊዜው የመቀጣጠልን ችግር የመቋቋም ኃይሉ ከተራ ቤንዚን ከፍ ያለ ነው፤ ሲተንም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ለቱርቦ ሞተር ተመራጭ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ይሁንና ጥቅሙ የሚገኘው ነዳጁ በሚፈለገው መጠን ሲቀርብ ብቻ ነው። ፍሰቱ ሲጎድል ከአየሩ አንጻር ነዳጁ ያንሳል፣ የቃጠሎው ሙቀትና ያለ ጊዜው የመቀጣጠል አደጋ ይጨምራል፤ ፒስቶን፣ ቫልቭና የቱርቦው ተርባይን በአጭር ጊዜ ሊበላሹ ይችላሉ።

ፓምፕ መቀየር የማያስፈልግበት ሁኔታ

ተሽከርካሪው ከማደያ የሚገኘውን ቤንዚን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ የሞተሩ ኃይል ካልተጨመረና የአምራቹ መጽሐፍ ኢ10ን የሚፈቅድ ከሆነ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ጥቅም የለውም። ተሽከርካሪው በአቀበት ላይ ኃይል ካጣ፣ ለመነሣት ከዘገየ ወይም ከታንኩ በኩል የማፏጨት ድምፅ ከተሰማ አዲስ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ምክንያቱ በመለኪያ መጣራት አለበት። በዚህ ረገድ መካኒኩ የሚከተሉትን ቢያከናውን ይመከራል።

1. ሞተሩ ባለበት ሲሠራና ተሽከርካሪው ጭነት ላይ ሆኖ ሲነዳ የነዳጁን ግፊት በመለኪያ መመልከት። ባለበት ሲሠራ ብቻ የተወሰደ ልኬት ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን አያሳይም።
2. በፓምፑ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ላይ ያለውን ቮልት መለካት። ፓምፑ ጤናማ ሆኖ ሽቦው ወይም ሪሌው ያረጀ ሊሆን ይችላል።
3. ፊልትሮውንና በፓምፑ መግቢያ ላይ ያለውን ወንፊት ማየት። ኢታኖል በአሮጌ ታንክ ውስጥ የተጋገረን ቆሻሻ የማሟሟት ባሕርይ ስላለው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙሌቶች ወንፊቱን ሊዘጉት ይችላሉ።
4. በኮምፒዩተር ምርመራ የሚታዩ የስሕተት ቁጥሮችን ማንበብ። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ማነሱን ያመለክታል፤ ምክንያቱ ግን ፓምፕ ብቻ ሳይሆን የአየር ማስገቢያ ቱቦ ቀዳዳም ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ ጉድለቱን ካሳየ በዝቅተኛ ወጪ ይስተካከላል። ፓምፑ ራሱ ደክሞ ከተገኘም አምራቹ ለዚያ ሞዴል ባዘጋጀው ዓይነት መተካት ይበቃል።

ፓምፑ ብቻውን የማይበቃበት ሁኔታ

ባለንብረቱ ከፍተኛ የኢታኖል ቅልቅል ለመጠቀም ካሰበ ፓምፑ የአንድ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ብቻ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል። አብረው የሚታዩት ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

*ኢንጀክተር።* ፓምፑ ምንም ያህል ቢሰጥ ኢንጀክተሩ ከአቅሙ በላይ አያሳልፍም። የ40 በመቶ ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ኢንጀክተር ይጠይቃል።

*የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር።* ኮምፒዩተሩ ለቤንዚን የተዘጋጀ ነው። በዝግታ ጉዞ ላይ በኦክስጅን ሴንሰሩ እየተመራ በተወሰነ መጠን ያርማል፤ በሙሉ ኃይል ሲነዳ ግን በብዙ ተሽከርካሪዎች ቀድሞ በተጻፈለት መጠን ብቻ ይሠራል። ለአዲሱ ነዳጅ በባለሙያ ካልተስተካከለ ጉድለቱ የሚከሰተው ሞተሩ በጣም በሚጨነቅበት ጊዜ ነው። የቅልቅሉ መጠን የሚለዋወጥ ከሆነ የኢታኖሉን ድርሻ እየለካ ለኮምፒዩተሩ የሚያሳውቅ ሴንሰር ያስፈልጋል።

*የኤሌክትሪክ መሥመር።* ትልቅ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። አሮጌው ቀጭን ሽቦ ከነማያያዣዎቹ 0.1 ኦም መቃወሚያ ቢኖረው 15 አምፔር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት ይጠፋል። ፓምፑ በ13.5 ቮልት የሚሰጠውን ፍሰት በ12 ቮልት አይሰጥም። ሽቦውም ይግላል። ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ፊውዝና ሪሌ ያለው ወፍራም ሽቦ መዘርጋት አለበት። ሪሌው ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያጠፋውን የፋብሪካውን ሥርዓት እንደጠበቀ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህ ሥርዓት በግጭት ጊዜ ነዳጅ መንገድ ላይ እንዳይፈስ የሚያደርግ ነው።

*የግፊት መቆጣጠሪያና የመመለሻ ቱቦ።* ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልሰው ቱቦ ለትንሽ ፓምፕ የተሠራ ነው። በጣም ትልቅ ፓምፕ ሲገጠም ቱቦው ሁሉን መመለስ ስለሚያቅተው ባለበት ሲሠራ ግፊቱ ከመደበኛው በላይ ይወጣል፤ ሞተሩ ጭስ ያበዛል፣ ነዳጅ ያባክናል። ትልቁ ፓምፕ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል የማይሆነው በዚህ ነው።

*የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ።* በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ የቱርቦ ቤንዚን ሞተሮች ነዳጁን በቀጥታ ወደ ማቃጠያ ክፍሉ የሚረጩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ በታንክ ያለው ፓምፕ መጋቢ ብቻ ሲሆን፣ በሞተሩ ላይ የተገጠመ ሌላ ፓምፕ ግፊቱን ከ100 ባር በላይ ያደርሰዋል። የዚህ አቅም ካልበቃ የታንኩን ፓምፕ መቀየር ምንም ለውጥ አያመጣም።

ጎማ፣ ብረትና ውኃ

ኢታኖል ተራ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፤ ኤሌክትሪክንም ከቤንዚን በተሻለ ስለሚያስተላልፍ አሉሚኒየም፣ ዚንክና መዳብ በነዳጅ ውስጥ እንዲበሉ ሊያደርግ ይችላል። ለከፍተኛ ቅልቅል የሚገዛ ፓምፕ አምራቹ ለኢታኖል እንደሚሆን በግልጽ የጻፈበት መሆን አለበት። ፓምፑ ለቤንዚን ብቻ የተሠራ ከሆነ ፍሰቱ ቢበቃም እንኳ ዕድሜው ያጥራል።

በብዛት የሚታለፈው ክፍል ፓምፑን ከታንኩ ክዳን ጋር የሚያገናኘው አጭር ቱቦ ነው። በሞተር ክፍል ውስጥ የሚያገለግል የነዳጅ ቱቦ ነዳጅን በውስጡ እንዲያሳልፍ እንጂ በውጭ ገጹም በነዳጅ እንዲነከር አልተሠራም። በታንክ ውስጥ ሲገባ ከውጭ በኩል ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከቦታው ይወልቃል። ሲወልቅ ፓምፑ እየሠራ ነዳጁ ወደ ታንኩ ተመልሶ ስለሚፈስ ተሽከርካሪው በድንገት ይቆማል። በነዳጅ ውስጥ ለሚነከር ቱቦ የወጣው ደረጃ ኤስኤኢ ጄ30 አር10 ይባላል፤ ይህ ጽሑፍ በቱቦው ላይ መታተሙን ባለንብረቱ ራሱ ማየት ይችላል። ለውጭ መሥመር የሚሆነው አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቱቦ በእርሱ ምትክ መግባት የለበትም።

ሌላው ጉዳይ ውኃ ነው። ኢታኖል ውኃን ይስባል። ኢ10 በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በውስጡ ሊይዝ የሚችለው ውኃ ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜ ሲጨምር ይህም ይቀንሳል። ከዚያ ሲያልፍ ኢታኖሉና ውኃው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይሰፍራሉ፤ ይህም የፓምፑ መግቢያ ባለበት ነው። ፓምፑ ያን ጊዜ የሚስበው ነዳጅ ሳይሆን ውኃና አልኮል ይሆናል። ለብዙ ወራት ሳይነዳ የሚቆም ተሽከርካሪ በዚህ ረገድ ይበልጥ ስለሚጋለጥ ክዳኑ በደንብ መዘጋቱ መረጋገጥ አለበት።

በራስ ማቀላቀል የተከለከለ ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት መሆኑ

ለምድጃ፣ ለጽዳት ወይም ለሕክምና የሚሸጥ አልኮልን ከቤንዚን ጋር በጀሪካን ማቀላቀል በማንኛውም ሁኔታ አይመከርም። በገበያ የሚገኘው 96 በመቶ አልኮል በውስጡ 4 በመቶ ያህል ውኃ አለው። ከዚህ አልኮል 10 ሊትር በ90 ሊትር ቤንዚን ላይ ቢጨመር 0.4 ሊትር ያህል ውኃ አብሮ ይገባል፤ ይህም ከላይ ወደተጠቀሰው ወሰን የተጠጋ በመሆኑ በቀዝቃዛ ሌሊት ነዳጁ ሊለያይ ይችላል። ለነዳጅ የሚውለው ኢታኖል ውኃው እስከ መጨረሻው የተወገደለት ነው። ከዚህም በላይ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነዳጅ ማቀላቀልና ማከማቸት የቤተሰብንና የጎረቤትን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

በሥራው ጊዜ የእሳት ጥንቃቄ

የታንክ ክዳን መክፈት በጋራዥ ሥራ ውስጥ ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። የነዳጅ ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይተኛል፣ በመኪና መፈተሻ ጉድጓድ ውስጥም ይጠራቀማል። ስለዚህ፦

- ሥራው አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት፣ ከብየዳ፣ ከመፈጫና ከሲጋራ በራቀ ቦታ ይሁን፤ በጉድጓድ ላይ አይሁን።
- ታንኩ ከሩብ በታች ነዳጅ ሲኖረው ይከፈት።
- አስቀድሞ የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ፤ በዚህም የመሥመሩ ግፊት ይወርዳል። ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይፈታ።
- ደረቅ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ በእጅ ቅርብ ይኑር። የኢታኖልን እሳት ተራ አረፋ በሚገባ አያጠፋውም፤ አልኮሉ አረፋውን ያፈርሰዋልና።
- የኢታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን ደብዛዛ ስለሚሆን የማይታይ እሳት የለም ብሎ መቅረብ አይገባም።
- በታንክ ውስጥ የሚገቡ ሽቦዎች ለነዳጅ በተሠሩ ማያያዣዎች ይገናኙ። ተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር በነዳጅ ውስጥ ይሟሟል።
- የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ በአዲስ ይተካ። አሮጌው አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ላይገጥም ይችላል።
- የተቀዳው ነዳጅ በተዘጋጀለት ዕቃ ይቀመጥ እንጂ በቦይ ወይም በአፈር ላይ አይደፋ።

ከጋራዥ ከመረከብ በፊት

ባለንብረቱ ሥራው ተጠናቀቀ ሲባል የሚከተሉትን ማረጋገጥ መብቱ ነው። ባለበት ሲሠራና በጭነት ላይ የተለካው የነዳጅ ግፊት በጽሑፍ ይሰጠው። በፓምፑ ማያያዣ ላይ ያለው ቮልት ይታይለት። ከመቀመጫው ሥር የነዳጅ ሽታ አለመኖሩን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይፈትሽ፤ በሩብ ታንክ የማይታይ ፍሳሽ በሙሉ ታንክ ይታያልና። በክሩስኮት ላይ ያለው የነዳጅ ጠቋሚ በትክክል መሥራቱን ይመልከት። የወጣውን አሮጌ ዕቃና የአዲሱን ማሸጊያ ሣጥን ከነደረሰኙ ይረከብ። ከጥቂት ሙሌቶች በኋላ ፊልትሮው በድጋሚ እንዲታይ ቀጠሮ ይያዝ።

ምዝገባ፣ ዓመታዊ ምርመራና መድን

ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎላቸው ቦሎ እንደሚሰጣቸው ይታወቃል። የነዳጅ ፍሳሽ፣ ያልታሰረ ሽቦና ከመጠን ያለፈ ጭስ ተሽከርካሪውን ለአደጋ የሚዳርጉ ጉድለቶች በመሆናቸው ከምርመራ በፊት መስተካከል ይኖርባቸዋል። ደካማ ፓምፕን በተመሳሳይ ዓይነት መተካት መደበኛ ጥገና ነው። የሞተሩን ኃይል ወይም የሚጠቀምበትን የነዳጅ ዓይነት የሚለውጥ ሥራ ግን በሊብሬ ላይ የሰፈረውን የተሽከርካሪውን መግለጫ ሊነካ ስለሚችል፣ ባለንብረቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው ወደተመዘገበበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ቀርቦ እንዲጠይቅ ይመከራል። ሲሄድም ሊብሬውን፣ መታወቂያውን፣ የሚገጠመውን ዕቃ መግለጫና ጋራዡ የሰጠውን የሥራ ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ መልስ ለማግኘት ይቀለዋል። የመድን ውሉንም ማየት ተገቢ ነው፤ ሳይነገር የተደረገ ለውጥ በካሣ ጥያቄ ላይ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመደረጉ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በጥንቃቄ መያዝ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን ለሚጠቀም ባለንብረት ከትልቅ ፓምፕ ይልቅ ንጹሕ ፊልትሮ፣ ጤናማ ሽቦና ከሩብ በታች የማይወርድ ታንክ ይጠቅሙታል። ከፍተኛ ቅልቅል ለመጠቀም የሚያስብ ደግሞ በመጀመሪያ ነዳጁን በቋሚነት የት እንደሚያገኝ ይጠይቅ፤ ለኢ85 የተስተካከለ ሞተር ነዳጁ ሲታጣ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ወደ ቤንዚን አይመለስም። ቀጥሎ ፓምፑን፣ ኢንጀክተሩን፣ ሽቦውን፣ ቱቦውንና ኮምፒዩተሩን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ ሙሉ ዋጋውን ያስላ። ከእነዚህ አንዱን ለመተው የሚያስገድድ የበጀት እጥረት ካለ ሥራውን በሙሉ ማቆየት በግማሽ ከመሥራት የተሻለ ነው።